በጃኬት የሚቀዘቅዝ ሪአክተር፦ ሲሙሌሽኑ 70 ደቂቃ ይላል፣ ሪአክተሩ 170 ይፈጃል

ባች_80፦
ሰላም ለሁላችሁ። 2,000 ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ በመስታወት የተለበጠ፣ ከውጭ እንደ ጃኬት (የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍበት ሽፋን) ግማሽ ቱቦ የተጠመጠመበት ሪአክተር (የኬሚካል ማዘጋጃ ጋን) ነው። ሥራው 1,600 ኪሎ ውሃ መሰል ፈሳሽ ከ80 ወደ 25 ዲግሪ ማውረድ ነው። ማቀዝቀዣው ውሃ በ15 ዲግሪ፣ በሰዓት 3,000 ኪሎ ይገባል። ፈሳሹ የሚነካው ግድግዳ 6 ካሬ ሜትር ነው። ዩን (ግድግዳው ሙቀት የሚያሳልፍበትን ጠቅላላ መጠን) 500 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን፣ የጃኬቱን ሙቀት ደግሞ 15 አድርጌ ሲሙሌሽኑን ሳስኬደው 70 ደቂቃ ይለኛል። የጊዜ እርምጃውን ከ10 ሰከንድ ወደ 1 ባወርደውም ያው ነው። ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ሙቀት_ሚዛን፦
የጊዜ እርምጃውን ተወው፣ ጉዳዩ ጃኬቱ ነው። ጃኬቱን 15 ላይ ስትቸነክረው ሶፍትዌሩ ማለቂያ የሌለው ውሃ እንዳለህ ይቆጥራል። 3,000 ኪሎ በሰዓት ግን በየዲግሪው 3,480 ዋት ብቻ ይሸከማል፤ ያንተ ዩኤ (ዩ በግድግዳው ስፋት ሲባዛ) 3,000 ነው። ሁለቱ እንዲህ ሲቀራረቡ ውሃው ገና ቱቦው ውስጥ እያለ ይሞቅና ለቀሪው ግድግዳ አቅም ያጣል።

በግማሽ ቱቦ ውስጥ ውሃው ሳይደባለቅ ስለሚጓዝ የሚወሰደው ሙቀት እንዲህ ይሰላል፦ 3,480 × [1 − ኢ^(−ዩኤ÷3,480)] × (የሪአክተሩ ሙቀት − 15)፤ ኢ የተፈጥሮ ሎጋሪዝም መሠረት፣ 2.718 ገደማ ነው። ይህን ስታስገባ 70ው 104 ይሆናል። ቱቦ የሌለው ክፍት ጃኬት ላይ ግን ይህን ቀመር አትጠቀም፤ እዚያ ውሃው ስለሚደባለቅ የጃኬቱን ሙቀት ከመውጫው ሙቀት ጋር እኩል አድርገህ ያዘው።

ልባጥ፦
500 ለመስታወት ልባጥ በጣም ይበዛል፣ የስቴይንለስ ሪአክተር ቁጥር ነው። ሙቀቱ በየንብርብሩ የሚገጥሙትን ተቃውሞዎች ደምራቸው፤ ዩ 1 ለድምሩ ሲካፈል ነው። 1.5 ሚሊ ሜትር መስታወት፣ ሙቀት አስተላላፊነቱ 1.2 ከሆነ፣ 0.00125 ይሰጣል። 14 ሚሊ ሜትር ብረት 0.0003 ገደማ ነው። ፈሳሹና ግድግዳው ሙቀት የሚለዋወጡበትን ቁጥር (እንደ ዩ የሚለካ) በማማሰያው በኩል 1,500 ብትወስድ 0.00067፣ በጃኬቱ በኩል 1,000 ብትወስድ 0.001። ድምሩ 0.0032፣ ማለትም ዩ 310 ገደማ። ግድግዳው ላይ ለሚጋገር ቆሻሻ ትንሽ ጨምረህ 300 በል፤ ጊዜው 148 ደቂቃ ይደርሳል።

መስታወቱ ብቻውን ከተቃውሞው 40 በመቶ ገደማ መያዙን ልብ በል። ማማሰያውን እናፍጥነው የሚል ሰው አይጠፋም። ፍጥነቱን እጥፍ ብታደርገው በማማሰያው በኩል ያለው የ1,500 ቁጥር ወደ 1.6 እጥፍ ያድጋል፣ ዩ ግን 8 በመቶ ያህል ብቻ ይጨምራል። ማማሰያው የሚፈልገው ኃይል በ8 እጥፍ ያድጋል፣ እሱም ተመልሶ ፈሳሹን ያሞቃል።

ባች_80፦
300 መሆኑን ዕቃው ላይ በምን ላረጋግጥ?

ሙቀት_ሚዛን፦
የጃኬቱን መውጫ ሙቀት አንብብ። ፈሳሹ 80 ላይ እያለ ዩ 300 ከሆነ መውጫው 41 አካባቢ ይሆናል፤ 500 ቢሆን 52 ያሳያል። ቫልቩ እንደተከፈተ የምታየውን ንባብ ግን አትመነው፤ ቱቦው እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ።

ባች_80፦
41 አካባቢ ነው። አሁንም 22 ደቂቃ ይጎድላል።

ቀሪ_ሙቀት፦
ያ ብረቱና ማማሰያው ነው። ብዙ ሞዴሎች ላይ ሁለቱም ካላስገባሃቸው ዜሮ ናቸው። ከፈሳሹ ጋር አብሮ የሚቀዘቅዘው የግድግዳ ብረት 1,200 ኪሎ ያህል ከሆነ፣ በኪሎ 490 ጁል በኬልቪን ሲሰላ የሙቀት መጠራቀሚያው በ9 በመቶ ያድጋል። ማማሰያው 2 ኪሎዋት ፈሳሹ ውስጥ የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ከምታወጣው 91 ኪሎዋት አንጻር ከቁም ነገር አይገባም። 25 ዲግሪ ስትቃረብ ግን የምታወጣው 14 ኪሎዋት ብቻ ስለሆነ ሰባተኛውን ይበላብሃል፤ የመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች የሚጎተቱት ለዚህ ነው። ሁለቱን ስትጨምር 172 ደቂቃ ይወጣል።

ከዚያ በንጹህ ውሃ አንድ ሙከራ አድርግና የ(ሙቀት − 15)ን ሎጋሪዝም ከጊዜ ጋር አስቀምጠው። ቀጥ ያለ መስመር ከወጣ ዩኤን ከዝንባሌው ታገኛለህ። መጀመሪያው ላይ ከታጠፈ ብረቱን ወይም ቫልቩን፣ መጨረሻው ላይ ከታጠፈ ማማሰያውን ጠርጥር።

ምርቱ ሲቀዘቅዝ የሚወፍር ከሆነ ግን በውሃ የተገኘው ዩ አይሠራለትም። ዩን በየሙቀቱ ሰንጠረዥ አድርገህ አስገባው።

ልባጥ፦
አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጊዜውን ለማሳጠር ሞዴሉ ውስጥ 15 ዲግሪውን ውሃ ከዜሮ በታች በሆነ ማቀዝቀዣ ብትተካው ሶፍትዌሩ ዝም ብሎ ያስኬድልሃል። መስታወቱ ግን ድንገተኛ የሙቀት ልዩነት ይሰነጥቀዋል። አምራቹ በሰንጠረዥ የሰጠውን የፈሳሽና የጃኬት ልዩነት ወሰን እንደ ገደብ አስገባ፤ ልዩነቱ ሲያልፍ ሲሙሌሽኑ ይቁም።