ማሰሪያው የማን ነበር? ስለ ሉት አከፋፈል የጊልዳችን ክርክር

ዳኛው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ከረቡዕ ጀምሮ ድምፅ ቻናሉ ላይ ጭቅጭቅ ብቻ ሆኗል። በጽሑፍ እንጨርሰው። በጽሑፍ ሰው ሰውን አያቋርጥም፣ ማይኩን ከፍቶ እራት የሚበላም የለም።

ላልነበረ ሰው ባጭሩ፦ ጊልዳችን ዋው (ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው የኢንተርኔት ጨዋታ) ላይ አብሮ የሚጫወት ቡድን ነው። ሞልተን ኮር የሚባለው ዋሻ ገብተን ባሮን ጌዶን የተባለውን ቦስ (ትልቅ ጠላት) ጣልነው። ስንት ሳምንት የጠበቅነው የተንደርፊውሪ ማሰሪያ ወጣ፤ ተንደርፊውሪ የተባለው ብርቅ ሰይፍ ከሚሠራባቸው ሁለት ማሰሪያዎች አንዱ ነው። ሹማምንቱ ወደ ግል ቻናላቸው ሄደው ሁለት ደቂቃ ተመካከሩና ለጋሻ ጃግሬ ሰጡት። በነጥብ ቢሆን የደጀን ነበር። ሁለቱም ታንክ ናቸው፣ ቦሱ ፊት ቆመው ምቱን የሚቀበሉ ማለት ነው። ደጀን ጊልዱ ከተመሠረተ ጀምሮ አለ፣ 5 ወር ሊሞላው ነው። ጋሻ ጃግሬ ከገባ 2 ወሩ ነው።

ጥያቄው አንድ ነው። ከአሁን በኋላ ሉት (ከቦስ የሚወጣው ዕቃ) በሹማምንት ይሰጥ ወይስ በነጥብ? መሳደብ የለም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ነጥብ የምትሉት ዲኬፒውን ነው አይደል? እንዴት ነው የሚሠራው? እኔ ሜጅ (አስማተኛ) ነኝ፣ እስካሁን የደረሰኝ አንድ ሱሪ ነው።

ቀስተኛው፦ ሱሪም ቀላል አይደለም፣ ተመስገን በል። ዲኬፒ ከዋው በፊት የመጣ ነገር ነው። በፈረንጅ 1999 ኤቨርክዌስት የሚባል ጨዋታ ላይ አፍተርላይፍ የተባለ ጊልድ ነው የጀመረው። ብዙ ሰው ተረባርቦ ድራጎን ይገድላል፣ የሚወጣው ዕቃ ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ለመጣ ሰው ሁሉ ነጥብ ይያዝለታል። ዕቃ ሲወስድ ይቀነስበታል። ስሙ ራሱ የድራጎን ግድያ ነጥብ ማለት ነው። እቁብ በለው፣ እጣ የሌለው እቁብ።

ጭቃ ሹም፦ የወሰንኩት እኔ ስለሆንኩ እኔ ልናገር። 40 ሰው ይዘህ ትገባለህ፣ ቦሱ የሚሰጥህ ሦስት አራት ዕቃ ነው። የቀረው ሰው ባዶ እጁን ወደሚቀጥለው ቦስ ይሄዳል። ያ ሰው በሳምንቱ የሚመለሰው ጊልዱ ወደፊት ሲሄድ ካየ ብቻ ነው። ተንደርፊውሪ ደግሞ እንደ ሌላው ሰይፍ አይደለም። ታንኩ የቦሱን ዓይን ቶሎ ወደ ራሱ ይስብበታል። ያ ከሆነ ሜጁም ሮጉም (መቺዎቹ) ሳይሳሳ ይመታል። ሠላሳ ዘጠኙ ሰው ይጠቀማል ማለት ነው። ነጥብ ይሄን አያውቅም። ነጥብ የሚያውቀው ማን ስንት ቀን እንደመጣ ነው። ነገ ነጥቡ የሞላ ሀንተር (ቀስተኛ) ተነስቶ "ሰይፉ የእኔ ነው" ቢልስ?

ቀስተኛው፦ እኔን ነው? ሀንተር ሰይፉን መያዝ እንደሚችል ብቻ ልብ በሉልኝ።

ጭቃ ሹም፦ ይኸው!

ደጀን፦ አለቃ፣ "ዋናው ታንክ" ትላለህ። ከሁለት ወር በፊት ዋናው ማን ነበር?

ጭቃ ሹም፦ በሰው ፊት ማንሳት አልፈለግኩም ነበር። ካነሳኸው ግን፣ መብራት። ራግናሮስ (የሞልተን ኮር የመጨረሻው ቦስ) ላይ ሁለት ጊዜ ጠፍተህብናል። አንደኛው ቀን ራግናሮስ ላቫው ውስጥ ገብቶ የእሳት ልጆቹ የወጡ ሰዓት ነበር። ስምንት እሳት ሂለሮቹ (ፈዋሾቹ) ላይ እየሮጠ ታንክ የለም። ያን ሳምንት ራግናሮስን ሳንገድለው ነው የተበተንነው።

ደጀን፦ እሺ። መቼም መብራቱን እኔ አላጠፋሁትም። ከዚያ ቀን በኋላ ለራውተሩ ዩፒኤስ ገዛሁ። ላፕቶፑ በባትሪው ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ጭራሽ ከሄደ ስልኬን ሆትስፖት አደርጋለሁ። ፒንጌ (የኢንተርኔቱ መዘግየት) ደህና ቀን 180 ነው፣ በስልክ ሲሆን አልነግራችሁም። እናንተ ማታ የምትሉት ሰዓት እኔ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ስንጨርስ ከሌሊቱ 7። ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ የታክሲ ሰልፍ እይዛለሁ። ወርሃዊ ክፍያውን የምትከፍልልኝ ጀርመን ያለች እህቴ ናት፣ በእኔ ካርድ አይሄድም።

እንድታዝኑልኝ አይደለም የምጽፈው። ማሰሪያው ስለቀረብኝም ብቻ አይደለም። 5 ወር ሙሉ በየሳምንቱ ነጥብ ስትመዘግቡልኝ ነበር። ሠንጠረዡ እስካሁን ተለጥፎ አለ፣ አንደኛ ነኝ። ትልቁ ዕቃ ሲመጣ ነጥቡ የማይሠራ ከሆነ ለሱሪና ለጓንት ብቻ ነው ማለት ነው። ቢያንስ ቀድማችሁ ንገሩን።

አዲስ ገቢ፦ ሱሪዬን ተዉልኝ 😅

ወጌሻ፦ ደጀን የጻፈውን እንደገና አንብቡት፣ በተለይ አለቃ አንተ።

እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ። በፊት የነበርኩበት ጊልድ በሹማምንት ነበር። ከአምስቱ ሹማምንት ሦስቱ መቺዎች ነበሩ። ሂለር የሚወሰድለት ልክ ስለሌለ (የጉዳት ሜትሩ ላይ ስማችን የለም!) ሁሌም መጨረሻ እኛ ነን። አራት ወር ሙሉ አንድ ዱላ ጠበቅኩ። ሲወጣ ለአለቃው እጮኛ ተሰጠ። እሷ በሳምንቱ "ሂለር መጫወት ሰለቸኝ" ብላ ወደ ዋርሎክ (መቺ) ዞረች። ከዚያ በነጥብ ወደሚሠራ ጊልድ ገባሁ። እዚያ ደግሞ ሜጆቹ ተመሳጥረው በየተራ በትንሹ ነጥብ ብቻ ይጫረታሉ። አንዱ ሲጠራ ሌላው ዝም ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ ሜጆቹ ሁሉ ለብሰው ጨረሱ፣ እኛ ሂለሮቹ እርስ በርስ ተፋጅተን ነጥባችን አለቀ።

ስለዚህ ዘዴው ብቻውን አያድንም። ግን ጋሽ ቀስተኛው እቁብ ሲል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ የሰፈር እቁብ ነበራት። እጣው ለአንዷ ወጥቶ ሌላዋ ለቅሶ ወይም ሠርግ ከደረሰባት ዳኛዋ ዝም ብላ ገንዘቡን አታዞርም። ባለእጣዋን ትጠይቃለች። "እገሊት ተቸግራለች፣ ትለቂላታለሽ?" ይባላል። ብዙ ጊዜ ይለቃሉ። እምቢ ካለችም የራሷ ነው። ደጀንን ማን ጠየቀው? ሁለት ደቂቃ በግል ቻናል ከምትመካከሩ አስር ሰከንድ እሱን መጠየቅ አይሻልም ነበር?

ነጋድራስ፦ እኔ ሁለቱንም አልፈልግም። ጨረታ! ጂዲኬፒ ማለቴ ነው። ዕቃ ሲወጣ በጨዋታው ወርቅ ይጫረቱበታል፣ ከፍ ያለው ይወስዳል። የተሰበሰበው ወርቅ መጨረሻ ላይ ለ40ው እኩል ይካፈላል። ሹም የለ፣ ሠንጠረዥ የለ፣ እጮኛ የለ። ደጀን ማሰሪያው ቢያመልጠው እንኳ ኪሱ ይሞላ ነበር።

ዳኛው፦ ወንድሜ፣ እኛ ያለንበት ሰርቨር ላይ ክልክል ነው። የጨዋታው ባለቤት ብሊዛርድ በ2024 የካቲት አካባቢ መጀመሪያ ሲዝን ኦፍ ዲስከቨሪ በሚባሉት ሰርቨሮች ላይ አገደው። እዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የ20ኛ ዓመቱን ሰርቨሮች ሲከፍት እነሱም ላይ ከለከለው። አካውንትህን ልታጣ ትችላለህ።

ነጋድራስ፦ መከልከሉን አውቃለሁ። ክርክሩ ስለ ትክክለኛው ነገር ነው ብዬ እንጂ።

ቀስተኛው፦ እሺ ክልከላውን እንተወው። ወርቁ ከየት ይመጣል? አንድ ሰው ለአንድ ሰይፍ የሚያፈሰውን ወርቅ ሥራ ያለው ሰው ዕፅ ለቅሞ ሸጦ አያገኘውም። ከሻጭ ነው የሚገዛው፣ በእውነተኛ ዶላር። ሻጩ ደግሞ ቀን ከሌት በቦት (ራሱ በሚጫወት ፕሮግራም) ነው የሚያርሰው። ነጋድራስ፣ አንተ ዱባይ ሆነህ ትችል ይሆናል። ደጀን በእህቱ ካርድ የሚጫወት ልጅ ነው። ከማን ጋር ነው የምታጫርተው?

ነጋድራስ፦ እዚህ ላይ ነጥብ አለህ። ግን ወርቅ እኔም ገዝቼ አላውቅም፣ ይመዝገብልኝ።

ጋሻ ጃግሬ፦ ስሜ ሲነሳ ዝም ማለት ከበደኝ። ማሰሪያውን አልለመንኩም። ስሜ ሲጠራ እኔም ደነገጥኩ። ልመልሰው ብል እንኳ አሁን አይሆንም፣ ለሌላ ማስተላለፊያው 2 ሰዓት አልፏል፣ ተጣብቋል።

ግን አንድ ነገር ሁላችሁም እያሰባችሁ ማንም አልጻፈውም። ነገ ከጊልዱ ብወጣ ማሰሪያው ከእኔ ጋር ይወጣል። አውቃለሁ። የማረጋግጥበት ወረቀት የለኝም። እኔም ብሆን ብቻዬን ምንም አላደርግበትም። ሁለተኛው ማሰሪያ ያለው ጋር ዘንድ ነው (ጋር የቦሱ ስም ነው፣ ቃል አልጎደለም)። ከዚያ የራግናሮስ ፍሬ ነገር የሚባለው ዕቃ አለ። ከዚያ 10 የኤለመንቲየም ዘንግ። ለእያንዳንዱ ዘንግ 10 አርካናይት (ውድ ብረት ነው)፣ በድምሩ 100 አርካናይት! ያን ሁሉ ጊልዱ ካላዋጣ ማሰሪያው ቦርሳዬ ውስጥ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ቀስተኛው፦ ልጁ የጻፈውን ወድጄዋለሁ። ግን ስጋቱ እውነት ነው፣ ደርሶብኛል። 2006 ላይ እዚህ አሜሪካ የነበርኩበት ጊልድ ልክ እንደናንተ ለዋናው ታንክ ሰጠ። በሹማምንት ውሳኔ። ታንኩ በሦስተኛው ሳምንት ከእኛ ቀድሞ ወደሚሄድ ጊልድ ገባ። ደህና ሰንብቱ እንኳ አላለም። ሁለተኛው ማሰሪያ ለእሱ የወጣው እዚያ ነው። ኦርግሪማር ከተማ ባንክ በር ላይ ቆሞ ሰይፉ ሲብለጨለጭ አይቼዋለሁ። ሰላም አልኩት፣ አልመለሰልኝም።

የነጥብ ወገን እንዳትደሰቱ። እኔ ራሴ ነጥብ የማጠራቅም ሰው ነበርኩ። ደህና ዕቃ ሲወጣ "ይቅር፣ ለትልቁ ላስቀምጥ" እላለሁ። አሮጌ ቀስት ይዤ ጊልዱን ወደኋላ ስጎትት ከረምኩ። በጥር 2007 በርኒንግ ክሩሴድ የሚባለው የጨዋታው ማስፋፊያ ወጣ። ሄልፋየር በሚባለው አዲስ አገር የመጀመሪያዎቹ ተልዕኮዎች የሚሰጡት አረንጓዴ (ተራ) ዕቃ ስንቱን ሐምራዊ (ብርቅ) በለጠው። ነጥቤ ሁሉ ወረቀት ሆነ። በዚያ ላይ ሬይዱ (የቦስ ዘመቻው) ከ40 ሰው ወደ 25 ወረደ። አሥራ አምስት ሰው የት ይሂድ? አለቃችን ማታ ዝርዝር ለጠፈና ተኛ። ጠዋት ስነቃ ግማሹ ጊልድ የለም። ያን ዝርዝር በቃል ቢነግሩን ኖሮ ብዙዎቹ ባልሄዱ ነበር፣ እስከ ዛሬ እንደዚያ ነው የማስበው።

ዳኛው፦ ጋሼ፣ ታዲያ ድምፅህ ለየትኛው ነው?

ቀስተኛው፦ ለነጥብ። ግን እንደ ማሰሪያው ያሉ አራት አምስት ዕቃዎች ከነጥቡ ውጪ ይሁኑ። ለማን እንደሚሰጡ ግን ሬይዱ ሳይጀመር፣ ቦሱ ሳይሞት፣ በስም ይለጠፍ። ያልተስማማ ያኔ ይናገር።

ወጌሻ፦ ኩባንያውም ቢሆን ይሄን ጠብ መፍታት አቅቶታል እኮ። በ2018 ባትል ፎር አዜሮዝ የሚባለው ማስፋፊያ ሲወጣ አለቃ ሉት የሚያከፋፍልበትን መንገድ ጭራሽ አነሱት። ለእያንዳንዱ ሰው ጨዋታው ራሱ ይሰጥ ተባለ። ጭቅጭቁ ቀረ፣ ግን ሰው የማይጠቅመውን ዕቃ ለጓደኛው መስጠት እያቃተው ተናደደ። በ2022 ድራጎንፍላይት ላይ የቡድን ሉት መለሱ።

ጭቃ ሹም፦ እሺ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ሁለት ጊዜ።

ጊልድ መምራት ምን እንደሆነ ትንሽ ልተንፍስ። 46 ሰው አለን፣ የሚገባው 40 ነው። በየሳምንቱ ስድስት ሰው "ዛሬ ተቀመጥ" የምለው እኔ ነኝ። ማክሰኞ ማታ ማን እንደሚመጣ እየደወልኩ አድራለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ታስታውሱታላችሁ? "ሬይድ 8 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ፣ ግማሹ ሐበሻ በቀን 8 ሰዓት መጥቶ "የት ናችሁ?" አለኝ። ባለቤቴ ሁለተኛ ሥራህ ነው ትለኛለች፣ ደመወዝ የሌለው። ስለዚህ ፊቴ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መወሰን ለምጄበታለሁ።

ማሰሪያው ለጋሻ ጃግሬ መሰጠቱ አሁንም ልክ ነው እላለሁ። ራግናሮስ ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ግን ሠንጠረዡን እያስመዘገብኩ ሳለ ለትልቅ ዕቃ እንደማይሠራ አልተናገርኩም። እሱ ጥፋቴ ነው። ስለ መብራቱም በግል ልነግርህ ይገባ ነበር፣ ደጀን። ይቅርታ።

ደጀን፦ ይቅርታህን ተቀብያለሁ። ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ጋር ላይ ሁለተኛው ማሰሪያ ከወጣ ለጋሻ ጃግሬ ስጡት። እኔም የነጥቤን ልውሰድ ብል ሁለት ሰው ግማሽ ግማሽ ሰይፍ ይዞ ይቀራል፣ ሞኝ አይደለሁም። አርካናይትም አዋጣለሁ፣ ስምንት አለኝ።

ሁለተኛ፣ ድምፄ ለነጥብ ነው። ልዩ ዕቃዎቹ ጋሼ እንዳለው ይለጠፉ። ዋናው ታንክ ማን እንደሆነም አብሮ ይለጠፍ። ዩፒኤስ ከገዛሁ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደጠፋሁ ቁጠሩና ከዚያ ወስኑ።

ጭቃ ሹም፦ ቆጥሬአለሁ። አንዴም አልጠፋህም። ረቡዕ ከራግናሮስ በፊት ያሉትን አራት ቦሶች አንተ ያዝ፣ እናያለን።

ጋሻ ጃግሬ፦ እኔ ከኋላህ አለሁ። ስም እንቀያየራ 😂

አዲስ ገቢ፦ እኔ ለየትኛው ድምፅ እንደምሰጥ አሁንም አልገባኝም። ሜጆቹ ግን በውስጥ መስመር እየጻፉልኝ ነው።

ወጌሻ፦ በስመ አብ! ጀመሩ።

ዳኛው፦ እንግዲህ በቃ። ለድምፅ የሚቀርበው የጋሽ ቀስተኛው ሐሳብና የአሁኑ አሠራር ነው። የነጋድራስ ጨረታ አይቀርብም። እሁድ ማታ 3 ሰዓት ላይ ድምፅ ይሰጣል።

ወጌሻ፦ በማን 3 ሰዓት?