«ኢንቴይል»ን «ርስት» ብንለው ምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ በጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» (እ.ኤ.አ. 1813) ውስጥ «ኢንቴይል» የሚለው ቃል ይመላለሳል። «ርስት» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል? ደግሞም የአምስት ሴቶች ልጆች እናት የሆነችው ሚስስ ቤኔት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ ባል ብቻ ስታወራ መጽሐፉ ይሰለቻል። ሰዉ ምኑን ነው እንዲህ የሚወደው?

መልስ፦ አያስኬድም። መሰልቸቱም ግማሹ ከዚሁ ቃል የመጣ ይመስለኛል። ርስት በጎጃምም ሆነ በበጌምድር በአባትም በእናትም ወገን ተቆጥሮ የሚጠየቅ ነበር፤ ሴት ልጅም ትካፈል ነበር። የቤኔቶችን መሬት «የሎንግቦርን ርስት» የሚል አማርኛ ያነበበ ሰው የአምስቱ ሴቶች ልጆች ድርሻ የት ገባ ይላል፣ እናቲቱም በከንቱ የምትጮህ ትመስለዋለች።

በመጽሐፉ ያለው ኢንቴይል ግን መሬቱ በወንድ ዘር ብቻ እንዲተላለፍ አስቀድሞ ያስረዋል። ሚስተር ቤኔት በዓመት 2,000 ፓውንድ ያህል ገቢውን ይበላል እንጂ መሬቱን ለልጆቹ መናዘዝ አይችልም። በእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ አነጋገር ከባለቤት ይልቅ ለአላባ ተጠቃሚ፣ ማለትም በሌላ ሰው ንብረት ፍሬ ብቻ ለሚጠቀም ሰው ይቀርባል። ዓይኑን ሲከድን ቤቱም መሬቱም ለዘመዱ ለቄሱ ለሚስተር ኮሊንስ ያልፋል።

መፍቻ ነበረው። ወንድ ልጅ ተወልዶ ለአካለ መጠን ቢደርስ፣ አባትና ልጅ ተስማምተው ማሰሪያውን ያፈርሱት ነበር። ሚስተር ቤኔት ይህን ተማምኖ ገንዘብ ሳያጠራቅም ኖረ፤ ወንዱ ልጅ ሳይመጣ ቀረ። ኮሊንስ ከልጆቹ አንዷን ኤልዛቤትን ለጋብቻ ሲጠይቅ ድርሻዋን ቆጥሮ ይነግራታል፦ 1,000 ፓውንድ በ4 በመቶ ወለድ፣ እሱም እናቷ ከሞተች በኋላ። በዓመት 40 ፓውንድ መሆኑ ነው። ይህን ከ2,000ው አጠገብ ያስቀምጡና የእናቲቱን ጩኸት እንደገና ያንብቡት። «በወንድ ወራሽ የታሰረ መሬት» ቢሉት ረዘም ይላል፣ ግን አያሳስትም።

ሌላ አስተያየት፦ በኢንቴይሉ እስማማለሁ። የኮሊንስ ንግግር ግን ቃሉ ሁሉ ቢፈታም ያታክታል፤ አንባቢ ቢማረር አልፈርድበትም። ቢያንስ «ኮንዲሴንሽን»ን አስተካክለን እናንብበው። የዛሬ መዝገበ ቃላት ወደ «ንቀት» ይወስደዋል። በዚያ ዘመን ግን ትልቅ ሰው ማዕረጉን ሳይቆጥር ከበታቹ ጋር በደግነት መነጋገሩ ነበር። ኮሊንስ ባለመሬቷን እመቤት ሌዲ ካትሪንን የሚያሞግሰው በዚህ ቃል ነው፤ «ንቀቷ» ብሎ የተረጎመ ውዳሴውን ስድብ ያደርገዋል። «ሳትኮራ ዝቅ ብላ ማነጋገሯ» ልክ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ «ሊቪንግ»ስ? ኮሊንስ ከሌዲ ካትሪን አገኘ የተባለው «ኑሮ» ነው?

መልስ፦ ገቢ ያለው የደብር ሹመት ነው። ገቢና አገልግሎት አብረው ስለሚሄዱ ካህናት ለአገልግሎታቸው ይዘውት የነበረው የእኛ የሰሞን መሬት ይቀርበዋል። ልዩነቱ ካህኑን ለሹመት የማጨት መብት በግለሰብ ባለመሬት እጅ ሊሆን መቻሉ ላይ ነው፤ የሀንስፎርድን ደብር ለኮሊንስ የሰጠችው ሌዲ ካትሪን ናት፣ ስሟን በጠራ ቁጥር የሚያጎነብሰውም ለዚህ ነው። «የሰሞን መሬት» ብለው ከተረጎሙት ይህ ዝምድና ይጠፋል። «የደብር ሹመት» ይበሉት፣ መጀመሪያ በመጣበት ገጽ ግርጌም ሹመቱን ማን እንደሚሰጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ።