ክርክር፦ በኮንሶ መንደሮች የቆርቆሮ ጣሪያ በሕግ ይከልከል ወይ?

አወያይ፦ ኮንሶ በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሠፈረው ስለ አንድ ሐውልት ወይም ቤተ መንግሥት ተብሎ ሳይሆን 55 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ስፍራ ስለተዘረጉት የድንጋይ እርከኖችና በካብ ስለታጠሩት መንደሮች ነው። በእነዚህ መንደሮች፣ በአገሬው አጠራር በፓለታዎቹ፣ የሣር ክዳን በቆርቆሮ መተካቱ በሕግ ይከልከል የሚል ሐሳብ ስለቀረበ እያንዳንዳችሁ የምትሉትን ከነምክንያቱ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዋ፦ እኔ ይከልከል ባይ ነኝ። ኮረብታ ላይ ተጠጋግተው የቆሙት የሣር ጣሪያዎች ከካቡና ከእርከኑ ጋር ተዋሕደው ይታያሉ፤ ከመካከላቸው ጥቂቶቹ በቆርቆሮ ሲያብረቀርቁ ግን ዐይን ሌላውን ማየት ይተዋል። ለአንዱ የተፈቀደውን ለጎረቤቱ መከልከል ስለማይቻል ገደቡ ከአሁኑ መበጀት አለበት።

የጋሞሌው ልጅ (ጋሞሌ ከኮንሶ መንደሮች አንዱ ነው)፦ እኅቴ፣ እርስዎ የገለጹት ከሩቅ የሚታየውን ነው፤ እኛ የምንኖረው ግን ከክዳኑ ሥር ነው። ሣር በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ቤቶቹም የተጠጋጉ በመሆናቸው አንዱ ጣሪያ ላይ የተነሣ እሳት በሌላው ላይ እስኪደርስ ጊዜ አይወስድም። እርስዎ በሚኖሩበት ከተማ ጣሪያዎ ከምን እንደተሠራ የጠየቀዎት አለ?

የጂኦግራፊ መምህሩ፦ የምንጋጨው «ባህል» የሚለውን ቃል በተለያየ መንገድ ስለያዝነው ይመስለኛል። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ሊቅ ካርል ሳወር እ.ኤ.አ. በ1925 ባህልን እንደ ሠሪ፣ የተፈጥሮን መሬት እንደ ጥሬ ዕቃ፣ ባህላዊ መልክዓ ምድርን ደግሞ እንደ ውጤት አድርጎ አስቀምጦት ነበር። ኮንሶን ላየ ሰው አባባሉ ልክ ነው፤ ጥሬ ዕቃው ዝናብ የሚያጥረው ተዳፋት መሬት ሲሆን ውጤቱ ከ400 ዓመታት በላይ፣ በ21 ትውልድ የተከማቸና ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር የሚደርስ እርከን ነው። ይሁን እንጂ ሌላው የጂኦግራፊ ሊቅ ጄምስ ደንካን እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳመለከተው ባህልን ከሰዎች በላይ ቆሞ እንደሚያዝዝ አካል ከቆጠርነው በውስጡ የሚኖሩት፣ የሚከራከሩትና ሐሳባቸውን የሚለውጡት ሰዎች ከዕይታችን ይጠፋሉ። «ባህሉ ቆርቆሮ አይፈቅድም» ሲባል የማይፈቅደው ማን ነው?

የዓለም ቅርስ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1992 ባህላዊ መልክዓ ምድርን በቅርስነት ሲቀበል ታስቦበት የተነደፈውን፣ በዘመናት ሂደት የተገነባውን እና ከእምነት ወይም ከትዝታ ጋር የተቆራኘውን ለያይቷል፤ በሂደት የተገነባውንም ሕይወቱ ያበቃና ዛሬም የሚቀጥል ብሎ ከፍሎታል። ኮንሶ የሚቀጥለው ዓይነት ነው። እዚያ ከሁሉ በፊት ሊጠበቅ የሚገባው ከዝናብ በኋላ የፈረሰውን ካብ መልሶ የሚገነባው ጉልበት፣ እርከኑን እንዳይረግጡ ከብቶችን በግቢ አስሮ መቀለብ፣ ፍጉን ወደ ማሳ ማጋዝ ነው። ይህ ሥራ ከቆመ ጣሪያው ሁሉ ሣር ቢሆንም እርከኑ ይናዳል።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዋ፦ መምህር፣ «የሚቀጥል» የሚለው ቃል ሁሉን ነገር መፍቀጃ መሆን የለበትም። ወጣቶች የሚያድሩበትና የመንደሩ ጉዳይ የሚመከርበት፣ «ሞራ» የሚባለው የጋራ ቤትስ ቆርቆሮ ይልበስ? ለጀግኖች መታሰቢያ የተቀረጹት የእንጨት ዋካዎች ተሰርቀው ሲሸጡስ ለውጥ ነው ብለን እንለፈው?

የጋሞሌው ልጅ፦ ስለ ሞራ እስማማለሁ፤ የጋራ ስለሆነ ወጪውንም ልፋቱንም በጋራ እንችለዋለን። ዋካን መዝረፍ ግን ወንጀል ነው፤ የገዛ ቤቱን የሚከድን ሰው በዚያ ምሳሌ መነሣቱ ቅር አሰኝቶኛል።

የጌዴኦው ተሳታፊ፦ የእኛ የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንሰቱ፣ ቡናውና ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ አብረው በመኖራቸው ነው። እኛን የሚያስጨንቀን ጣሪያ ሳይሆን ማሳው ለልጆች ሲከፋፈል ለዛፉ የሚተርፍ ቦታ ማነሱ ነው።

አናጢው፦ ቆርቆሮውን ከሥር፣ ሣሩን ከላይ ማድረግ ይቻላል የሚል ሐሳብ መነሣቱ አይቀርም። ይቻላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለአንድ ቤት ሁለት ጣሪያ መግዛቱ ነው፤ ርጥበት የያዘ ሣር የተጫነበት ቆርቆሮም ቶሎ ይዝጋል።

የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዋ፦ ምሳሌዬ ተገቢ አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በመንደሩ ዙሪያ ካለው ካብ ውስጥ ክልከላው ይኑር የሚለውን አቋሜን ባልተውም፣ የሣሩንና የከዳኙን ወጪ ከልካዩ አካል እንዲሸፍን አብሮ ካልተጻፈበት እኔም አልደግፈውም።

የጋሞሌው ልጅ፦ ወጪው ከተሸፈነ የእናቴን ቤት በሣር ለመክደን አላመነታም። ሕጉ ሲረቀቅ ግን ስብሰባው ከተማ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በሞራችን ይሁን።