እናቴ ዳሌዋ ተሰብሮ ተኝታለች፤ ጀርባዋ እንዳይቆስል ምን ላድርግ?

የማዘር ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። መታጠቢያ ቤት አዳልጧት ዳሌዋ ተሰበረና ሆስፒታል ከገባን አራት ቀናችን፣ ኦፕራሲዮኑ ከዛሬ ነገ እየተባለ ነው። ልናገላብጣት ስንል ትጮኻለች፣ እኛም እያሳዘነችን እንተዋለን፣ በጀርባዋ ብቻ ነው የምትተኛው። ዛሬ ሳጥባት ከመቀመጫዋ ከፍ ብሎ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ቫዝሊን ቀብተሽ እሺላት አለችኝ። ማሸት ጥሩ ነው?

ተረኛዋ፦ ነርስ ነኝ። እህቴ፣ እንዳታሺው! ከስር የተጎዳ ሥጋ ነው፣ ማሸት ያብሰዋል። እኛ ቆዳ ላይ ደግሞ መቅላቱ አይታይም። እጅሽን አስቀምጪበት፤ ከጎኑ ካለው ይሞቃል? ይጠጥራል? ሲነካ ያማቸዋል? አሁኑኑ ለነርሶቹ አሳዪ፣ ካርዳቸው ላይም ይጻፍ። የሚጮኹት ስለሚያማቸው ነው፤ ማስታገሻው እስኪሠራ ጠብቃችሁ አገላብጧቸው፣ በየ2 ሰዓቱ። የመጀመሪያውን ከነርስ ጋር አድርጉት። ሙሉ ለሙሉ በጎን ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ዘንበል አድርጋችሁ ከጀርባቸው ትራስ ደግፉ። አትጎትቷቸው፣ አንሶላውን በሁለት ወገን ይዛችሁ አንሱ። እግራቸው ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ከሆነ እንዳትነኩት። ዳይፐሩም ረጥቦ አይቆይ። ኦፕራሲዮኑ በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሆን ነበር የሚመረጠው፣ ለምን እንደዘገየ ዶክተሩን ጠይቂ፣ አትፈሪ።

አባ ጋቢ፦ ሁሉም ሰው ወገብ ወገብ ይላል። የኔ አባት የቆሰለው ተረከዙ ነው፣ ካልሲ አድርገንለት አምስት ቀን ያየው የለም። ባታቸው ስር ጋቢ አጥፈሽ አድርጊ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን አይንካ። መሃሉ ክፍት የሆነ ክብ ጎማ ግዢ የሚልሽም ካለ ብርሽን አታባክኚ፤ ገዝተን ነርሷ ናት ያስጣለችን፣ ዙሪያውን ተጭኖ ደሙን ያግዳል አለች።

ሸጋ ቀን፦ ምግቡንስ? አያቴ ጾም ነው ብለው እንቁላል አልነካም አሉ፣ የነፍስ አባታቸው በስልክ ፈቀዱላቸው። እምቢ ካሉ ሽሮና ምስሩን ወፈር አድርጊው። ደግሞ ለኦፕራሲዮን ተብሎ ከሌሊት ጀምሮ ጦማቸውን ውለው ሲሰረዝ፣ ወዲያው "አሁን ይብሉ?" ብለሽ ጠይቂ። እኛን ማንም ሳይነግረን እስከ ማታ በረሃብ ውለዋል።

የማዘር ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ነርሷን ጠርቼ አሳየኋት፣ ማስታገሻ ሰጥታት አብረን አዘነበልናት፣ ብዙም አልጮኸች። ካልሲዋንም አወለቅኩ። የግራ ተረከዟ ጠቁሯል።

ተረኛዋ፦ የተሰበረው ግራው ነው?

የማዘር ልጅ፦ አዎ።

ተረኛዋ፦ ስለማያንቀሳቅሱት ነው። ጋቢውን አሁኑኑ አድርጊ፣ ነርሷንም መልሰሽ ጥሪያት።