ለእህቴ ሰርግ በጎፈሬዬ ልወጣ ነው፤ እናንተስ ስታይላችሁን ከየትኛው ጥቁር አርቲስት ወሰዳችሁ?

የሕርማታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚሁ ጅማ መርካቶ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ ሲንጀር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ እሠራለሁ። ታላቅ እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። አንደኛ ሚዜ እኔ ነኝ፤ የሚዜዎቹን ቀሚስ የምሰፋውም እኔው ነኝ። ጨርቁ ተገዝቷል፣ ልክ ተወስዷል፣ ገበሩ ተቆርጧል። ቤቱ የተናጋው በኔ ፀጉር ነው።

ከ14 ዓመቴ ጀምሮ ሪላክሰር፣ ፀጉር ማለስለሻውን ክሬም፣ እየተቀባሁ ነው ያደግኩት። ክሬሙ የራስ ቆዳዬን ሲያቃጥለኝ "ትንሽ ቻይው፣ ይያዝልሽ" ይሉኛል። እችለዋለሁ። ከዚያ ቢጎዲን፣ ከዚያ ካስክ፣ ከዚያ ፔስትራ። የዛሬ 2 ዓመት ከጆሮዬ በላይ ያለው ፀጉር እየተበጠሰ በማበጠሪያ ይመጣ ጀመር። አንድ ማታ መቀሴን አነሳሁ። የጨርቅ መቀሴን ነው። ከሥሩ 3 ጣት ያህል የበቀለውን ትቼ ሌላውን ቆረጥኩት። የቀረው ከርዳዳ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ፣ ጣት የማያሳልፍ። ልጅ ሆኜ ካየሁት ወዲህ አላየሁትም ነበር።

ያኔ ቀን ቀን እንግዳ ተቀባይ ሆኜ እሠራ ነበር። በማግስቱ አለቃዬ "ምነው፣ ሳታበጥሪ መጣሽ?" አለኝ። አበጥሬዋለሁ አልኩት። "እንግዲያው አስተኩሰሽው ነይ" አለ። እንግዶች ፊት ነው ያለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሻሽ አስሬ ሄድኩ።

በዚያ ሳምንት ነው የደቡብ አፍሪካዊቷን ዘፋኝ የሚሪያም ማኬባን የድሮ ቪዲዮ ያየሁት። ጥቁርና ነጭ ነው። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ጆሮዋ ላይ ትልልቅ ጉትቻ አለ። ስልኩን አቁሜ ፊቷን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ የሚጀምርበትን መስመር አየሁ። የኔው ነው። ቁርጥ የኔው። ተነስቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ሻሹን ፈታሁት።

ከዚያ ስለሷ ያላነበብኩት የለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ከደቡብ አፍሪካ ወጣች። በዓመቱ እናቷ ስትሞት ለቀብር ልትመለስ አለች፤ ፓስፖርትሽ ተሰርዟል አሏት። በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ስለ አፓርታይድ መሰከረች፤ ዜግነቷንም ነጠቋት። 30 ዓመት ያህል አገሯን ሳታይ ኖረች። አሜሪካ መድረክ ላይ ስትወጣ ግን ፀጉሯን አላስተኮሰችም። አገሯን ከልክለዋታል፤ ራሷ ላይ የበቀለውን ማንም አልወሰደባትም። ይህን ሳስብ አሁንም ዓይኔ ይሞላል።

እናቴ ግን "ሰው ምን ይላል? ሳትዘጋጂ የመጣሽ ነው የሚመስለው" ትላለች። ሙሽራዋ ደስ ብሏታል። አባቴ ዝም ብሏል።

ጥያቄዬ እንዲህ ነው። እናንተ ከየትኛው ጥቁር ዘፋኝ ወይም ሙዚቀኛ ምን ወሰዳችሁ? አንድ ነገር ንገሩኝ፦ ኮሌታ ይሁን፣ ጉትቻ ይሁን፣ አካሄድ ይሁን። ለእናቴ ላነብላት ነው። ደግሞ ጎፈሬ ከጠዋት እስከ ማታ ቅርጹን እንዲይዝ የሚያውቅ ካለ ይምከረኝ።

ቤዝ ተጫዋቹ ከኪቶ፦

እህቴ፣ ጎሽ! እኔ ሰርግ ላይ የሚጫወት ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የኔ ሰው ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ታኅሣሥ 1936 ዓ.ም. እዚሁ ከተማችን ነው የተወለደው። ስንቱ የጅማ ልጅ ይህን አያውቅም! እንግሊዝ አገር የሄደው ኢንጂነሪንግ ሊማር ነበር፤ ሙዚቃው በለጠበት። ዌልስ፣ ለንደን፣ ከዚያ ቦስተን። እዚያ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው።

ከሱ የወሰድኩት አቋቋሙን ነው። ቪብራፎኑ ፊት፣ ያ በዱላ የሚመታው ባለ ብረት መሣሪያ ፊት፣ ሲቆም ትከሻው አይነሳም። አይቸኩልም። እኔ ድሮ መድረክ ላይ እዘል ነበር፤ ሰው እንዲያየኝ። አሁን ቆሜ ነው የምጫወተው። ሸሚዜ እስከ አንገቴ ተቆልፎ፣ ጫማዬ ተወልውሎ።

ሌላው አሜሪካዊው የጃዝ ሰው ዱክ ኤሊንግተን ነው። በ1966 ዓ.ም. ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ ሙላቱም አብሮት ሠርቷል። ከዚያ በፊት በ1930ዎቹ፣ በፈረንጅ ቁጥር ማለቴ ነው፣ የአሜሪካን ደቡብ ሲዞሩ ሆቴሉ ለጥቁር ዝግ ነበር። ስለዚህ የራሳቸውን የባቡር ፉርጎ ተከራይተው እዚያው ያድሩ ነበር። ባቡር ውስጥ ያደረ ሰው ማታ መድረክ ላይ በተተኮሰ ሱፍ ይወጣል። ያን ካነበብኩ ወዲህ መብራት ጠፋ ብዬ ሸሚዝ ሳልተኩስ ወጥቼ አላውቅም። ጎረቤት የከሰል ካውያ አለ፤ ሄጄ እለምናለሁ።

አንድ ኮት ሰልባጅ ተራ ገዝቻለሁ፤ ወገቡ ሰፍቶኛል። መርካቶ ከሆንሽ አመጣልሻለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ጋብቻው የአብርሃም የሣራ ይሁን።

እኔ 71 ዓመቴ ነው። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ ነኝ። በ1964 ዓ.ም. የኔን ጎፈሬ ብታዪ! ጓደኞቼም እንደኔ ነበሩ። ሱሪያችን ቤልቦተም ነው፤ ጭን ላይ ልክክ፣ ከጉልበት በታች ንፍት። አዲስ መግዣ ስላልነበረን የድሮውን ሱሪ ጎኑን ተርትረን ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ እናስገባበታለን። አንቺ ሰፊ ነሽና ይገባሻል። የኔ ሱሪ ግራጫ ነበር፤ ሰፊው የሚገጥም ጨርቅ አጥቶ ቡናማ አስገባበት። በክረምት የጅማን ጭቃ እየጠረገ ነው የሚሄደው። እናቴ ሐምሌና ነሐሴ ስታጥበው ትማረር ነበር።

ማንን አይታችሁ ብትዪኝ፣ አለማየሁ እሸቴን። አለማየሁ ደግሞ አሜሪካዊውን ዘፋኝ ጄምስ ብራውንን ሰምቶ። ከዚያ ዓሊ ቢራ አለ። እኛ ቤት አፋን ኦሮሞም አማርኛም ነው የሚነገረው። ከድሬዳዋ የመጣ ወጣት በአፋን ኦሮሞ እንደዚያ ሲዘፍን ስንሰማ ቁመታችን ጨመረ ብልሽ አላጋነንኩም። በኋላ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ማረፉን ስሰማ የድሮ ካሴቶቼን አውጥቼ እስከ ሌሊት ተቀምጫለሁ።

አሁን ለእናትሽ ይህን ንገሪያት። ፀጉሬን ያሳደግኩ ጊዜ እናቴ ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ጓዳ ገባች፤ ሣጥን ስትከፍት ሰማሁ። ሚዶ ይዛ ወጣች። የወይራ ነው። ጥርሶቹ ረጃጅም ናቸው፣ አንዱ ተሰብሯል፣ እጀታው በቅቤ ብዛት ጠቁሯል። የአባቴ ነበር። አባቴ በጠላት ወረራ ጊዜ ጫካ የገባ አርበኛ ነው፤ እሱም ጓዶቹም ጎፈሬያቸውን አሳድገው ነው የዋጉት። እናቴ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝና ከኋላዬ ቆማ ታበጥረኝ ጀመር። ምንም አልተናገረችም። አንዴ ብቻ እጇን አናቴ ላይ አሳረፈችው።

እኛ "አፍሮ" ብለን ከአሜሪካ የመጣ የመሰለን ነገር፣ ቤታችን ሣጥን ውስጥ ማበጠሪያ ነበረው።

ስለዚህ ልጄ፣ እናትሽ ፊት "አፍሮ" አትበይ። "ጎፈሬ" በያት። ያቺ የምትወጃት ማኬባም ግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ መጥታ ዘፍናለች። እንግዳ አይደለችም።

ፀጉር ሠሪዋ፦

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ሚዶውን ግን ለማንም እንዳይሰጡ።

የሕርማታ ልጅ፣ አንድ ነገር ቅር ብሎኛል፤ በግልጽ ልንገርሽ። ማኬባ፣ አሜሪካ፣ ሁሉም ጥሩ ነው። ሹሩባስ? ፀጉር ቤቴ የሚመጡ ልጆች ሹሩባ የሚፈልጉት ለዘመን መለወጫና ለፎቶ ብቻ ሆኗል። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ታቅፋ የተነሳቻቸውን ፎቶዎች እይ። ያን ውበት እንዴት ዘለልሽው? እኔ ብሆን ከግንባርሽ እስከ መሀል አናትሽ ቀጭን ሹሩባ እሠራና ከኋላ ያለውን ጎፈሬ እበትነዋለሁ። እናትሽ "ሳትዘጋጂ" ማለት አትችልም፤ ሁለት ሰዓት የተሠራበት መሆኑን ማንም ያያል። አንቺም ጎፈሬሽን አላጣሽ።

ካልሆነና ሙሉውን ከፈለግሽ እንዲህ አድርጊ። ዋዜማውን ታጠቢው። ሳይደርቅ ቅባት ነካ አድርገሽ ከ20 እስከ 25 ቦታ ከፋፍለሽ ጎንጉኚው። ቅቤ ከሆነ ጥቂት ብቻ፤ አዳራሹ ሲሞቅ አንገትሽ ላይ ይወርዳል። ሳቲን ሻሽ አስረሽ ተኚ። ጥጥ ትራስ እርጥበቱን ይመጥብሻል። ጠዋት ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንዳትፈቺው፤ ይሰበሰብብሻል። በጣትሽ ፍቺው። ከዚያ ሚዶውን ሥሩ ላይ ብቻ አስገብተሽ ወደ ላይ አንሺ። ጫፉን እንዳትነኪው። ክቡ ከተዛባ መስታወት ፊት ቆመሽ አታስተካክዪ፤ ሌላ ሰው በጎን አይቶ በመቀስ ጫፉን ይንካልሽ። ራስሽ ከጀመርሽው አንዱን ስትቆርጪ ሌላው እየበለጠ ያልቅብሻል።

የሕርማታ ልጅ፦

መምህር፣ የእርስዎን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትዎ ጓዳ ገብተው ሚዶውን ያወጡበትን ቦታ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ነበር። ማንከሽከሻውን አቁማ ሰማችኝ። ምንም አላለችም፤ ግን ቡናው ሊያርርባት ነበር።

ፀጉር ሠሪዋ፣ እውነትሽን ነው። ሹሩባን መዝለሌ አይደለም፤ ልጅ ሆኜ አያቴ ትሠራኝ ነበር። ለዚህ ቀን ግን ሙሉውን ነው የምፈልገው። ያ አለቃዬ እንዳስተኩሰው ያዘዘኝን ፀጉር ሁሉም ሰው እንዲያየው ነው የምፈልገው። ሹሩባውን ለመልሱ ትሠሪኛለሽ፤ ቀጠሮ ያዢልኝ።

ቤዝ ተጫዋቹ፣ ኮትህን አምጣ። ወገቡን ሳጠብ ኪሱ እንዳይዛባ ከጀርባው ስፌት ነው የምገባበት፤ ሁለት ቀን ስጠኝ።

ሻሼ ከጊንጆ፦

አሰላሙ አለይኩም። ዘግይቼ ነው ያየሁት።

እኔ ሒጃብ ለባሽ ነኝ፤ ፀጉሬን ከቤተሰቤ ሌላ ሰው አያየውም። ግን የኔም ታሪክ ያው ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሻሼን እንደምንም ጠምጥሜ ነበር የምወጣው። አንዲት የዶርም ጓደኛዬ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የኤሪካ ባዱን የመጀመሪያ አልበም ሽፋን አሳየችኝ፤ እ.ኤ.አ. የ1997ቱን። በጎን ናት። ጥምጥሟ ወደ ላይ ተቆልሏል፣ አንገቷ ረዝሟል፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋለች። ሙስሊም ስለሆነች አይደለም እንደዚያ የጠመጠመችው። ሆኖም ራሷን ሸፍና እንደዚያ ቀጥ ብላ የቆመች ሴት አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ 2 ሜትር ሳሳ ያለ ጥጥ ገዛሁ።

ስለ ሻሽ ያነበብኩትን ላካፍላችሁ። ዛሬ የአሜሪካ ግዛት የሆነችው ሉዊዚያና በስፔን እጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1786፣ ነፃ የሆኑ ጥቁር ሴቶች ፀጉራቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ ገዥው አዘዘ። ማማራቸው ነበር ጥፋታቸው። እነሱም ሸፈኑ። ግን ያገኙትን ደማቅ ጨርቅ ሁሉ እየመረጡ፣ አስተሳሰሩን እያሳመሩ፣ ጌጥ እየሰኩበት። ሊያዋርዷቸው የታዘዘው ጨርቅ ከሩቅ የሚታይ ዘውድ ሆነ። አንቺ ፈትተሽ፣ እኔ ጠምጥሜ፣ ሁለታችንም አንድ ቦታ የደረስን ይመስለኛል።

የሰርጉን ፎቶ ሳታሳዪን እንዳትቀሪ።

የሕርማታ ልጅ፦

ወአለይኩም ሰላም ሻሼዬ። በጥሩ ሰዓት መጣሽ።

ትናንት ማታ የቀሚሱን ቅምቅማት በእጄ እየሰፋሁ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሬን በመዳፏ ጫን ጫን አደረገችው፤ ተመልሶ ሲነሳ አየችው። ከዚያ "ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ነጠላው እንዴት ይቀመጥልሻል? ይንሸራተታል እኮ" አለችኝ። ስትጨነቅ የነበረው ስለ ነጠላው ብቻ ነበር። ስለ ሰው አላነሳችም።

እውነቷን ነው፤ ሞከርነው፣ ይንሸራተታል። ጎፈሬው ከታች ይገፋዋል፣ ጥለቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። በመርፌ ቁልፍ ባስይዘው ፀጉሬን ይቆርጠው ይሆን ብዬ ፈራሁ። አንቺ ሻሽሽ ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ የሚውለው በምንድን ነው? ከሥሩ ሌላ ጨርቅ ታስሪያለሽ? ከጊንጆ እኛ ጋ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፤ እናቴም ቡና ታፈላለች። ከተመቸሽ ብቅ በዪ።