ጥንድ ጠርሙስ ለሙዝ ችግኝ፦ የጋራ ማመልከቻው

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ይኸው። 20 ጥንድ ጠርሙስ፤ በአንዱ ሚዲያ (ቡቃያው የሚመገበው ፈሳሽ)፣ በሌላው የሙዝ ቡቃያ። አንድ የአየር ፓምፕ፣ ሁለት ሶሌኖይድ ቫልቭ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ)፣ ታይመር፣ አየር በሚገባበትና በሚወጣበት ሁሉ ጀርም የማያሳልፍ 0.22 ማይክሮን ፊልተር። አንዱ ቫልቭ ሲከፈት አየሩ ሚዲያውን ገፍቶ ወደ ቡቃያው ያሻግራል፤ ከ3 ደቂቃ በኋላ ሌላው ይመልሰዋል። በየ6 ሰዓቱ። ማመልከቻው ረቡዕ ይገባል።

ገንዘብ ያዥ፦ ክዳኑ ላይ አልፈርምም። የማርማላታ ጠርሙስ ከነቆርቆሮ ክዳኑ ሞልቷል፤ በስቶ ቱቦ ማስገባት ነው። 40 የፕላስቲክ ክዳን ለምን እንገዛለን?

ላብራቶሪ፣ ድሬ፦ ቆርቆሮ ሲበሳ ቅቡ ይላጣል፤ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛው) ውስጥ ጥቂት ዙር እንደገባ ጠርዙ ይዝጋል። በዚያ አየር ካመለጠ ሚዲያው መንገድ ላይ ቀርቶ ቡቃያው ይደርቃል። ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝም ያልተጣራ አየር ይስባል፤ በሊትር 30 ግራም ስኳር ያለበት ሚዲያ ላይ ሻጋታ ወዲያው ይነሳል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ክዳን የማምከኛውን 121 ዲግሪ ይችላል። ለማያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ሰልችቶኛል።

ገንዘብ ያዥ፦ የማያውቀው እኔ ነኝ? መዋጮውን ከየቤቱ የምለቅመው እኔ ነኝ! ቀዳዳውን በሲሊኮን ማሸግ ምን ያንሰዋል?

ላብራቶሪ፣ ድሬ፦ ቱቦው ለእጥበት መውጣት አለበት፤ ያሸግነው አይወጣም።

ሐረር፦ በክዳን ሦስት ቀን አለፈ። ማምከኛውስ? ሐረር 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ የግፊት ጌጁ 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ውስጡ 118 ዲግሪ ገደማ እንጂ 121 አይደለም። ጌጅ አይተን 20 ደቂቃ ከቆጠርን ባክቴሪያ ሊተርፍ ይችላል። ቴርሞሜትር ያለው ማምከኛ ይጻፍ።

ጸሐፊ፦ ይጻፋል። የቫልቭ ዋጋ አጣራለሁ ያልከው ልጅ የት ደረስክ?

አባል፣ ሳቢያን ሰፈር (ድሬ)፦ 3 ደቂቃው ለምን 15 አይሆንም? ቶሎ ያድግልናል።

ላብራቶሪ፣ ድሬ፦ አያድግም። ቅጠሉ ውሃ ጠግቦ እንደ መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ አፈር ላይ ሲወጣ ይጠወልጋል። ገንዘብ ያዥ፣ የቅድሙን ቃል አንስቻለሁ። ከሁለቱም ዓይነት አራት አራት ክዳን እንግዛ፤ አምስት ዙር ከመከኑ በኋላ ጠርሙሱን ውሃ ውስጥ ነክረን አየር እንንፋበት። አረፋ ያወጣው ይቅር።

ገንዘብ ያዥ፦ ለስምንት ክዳን እፈርማለሁ። ለ40 አልፈርምም።

ሐረር፦ የድሬን ሙቀት 25 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ማቀዝቀዣው ቀን ከሌት ሊሠራ ነው። ሐረር ቀዝቀዝ ስለሚል በሙዙ ፈንታ ድንች እኛ ጋ ይሁን። ቡቃያው ከበዛ በኋላ ስኳሩን በሊትር ወደ 80 ግራም አንስቶ ጨለማ ውስጥ ማቆየት ነው፤ ትንንሽ ድንች ይቋጥራል።

አባል፣ ሳቢያን፦ መዋጮ የከፈልነው ለሙዝ ነው።

ጸሐፊ፦ የቫልቩ ልጅ ስልክ አያነሳም። ዋጋው ለረቡዕ አይደርስም። አሁን የያዝኩት፦ አንድ ማምከኛ ከነቴርሞሜትሩ፣ 4 ጥንድ ጠርሙስ፣ ስምንት የሙከራ ክዳን፣ ድንች በሐረር። ሙዙን ለሁለተኛው ዙር አሳድሬዋለሁ። ሐረሮች የማመልከቻውን የድንች ገጽ እስከ እሁድ ላኩ፤ የሚዲያውን መጠን በሊትር ጻፉት።