በጠባብ ክፍል አንድ ስትሮብና አንድ ጃንጥላ፦ ነጩ ቀሚስ ይቃጠላል፣ ፊት ይጠቁራል

የቆጪ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ 3 በ4 ሜትር በሆነች ክፍል የምርቃትና የቤተሰብ ፖርትሬት ነው የምሠራው። ግድግዳዋ አረንጓዴ ነው፣ ኮርኒሷ ዝቅ ያለ። ካሜራው ካኖን 6ዲ ከ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር፣ መብራቱ ባለ 300 ዋት ሰከንድ ስትሮብ (የስቱዲዮ ፍላሽ)፣ ጃንጥላው ብርሃን የሚያሳልፈው ነጩ፣ 110 ሳንቲ ሜትር። ጃንጥላው ከተነሺው 2 ሜትር ይርቃል፤ ተነሺው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር። ሹተር 1/250፣ አፐርቸር ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 400፣ የስትሮቡ ኃይል 1/4።

ከፎቶው ግርጌ ጥቁር መስመር ይመጣል። ሀበሻ ቀሚስ የለበሱ ሲሆኑ ነጩ ተቃጥሎ ሽመናው ይጠፋል፣ ፊታቸው ግን ይጠቁራል፤ ግንባር ላይ ደግሞ ወዝ ያብለጨልጫል። ጥላቸው ግድግዳው ላይ ይታተማል። ከጃንጥላው ማዶ ያለው ጉንጭም አረንጓዴ ይመታል። ሶፍትቦክስ ልግዛ ወይስ ባለኝ ዕቃ ይስተካከላል?

ሰባት_ስቶፕ፦
ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ከዘረዘርከው አብዛኛው የርቀት ጉዳይ ነው።

መስመሩ የሹተር ነው፤ ሹተር ማለት አንዱ ሴንሰሩን የሚከፍት፣ ሁለተኛው የሚዘጋ ሁለት መጋረጃ ነው። 6ዲ ከፍላሽ ጋር የሚሠራው እስከ 1/180 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፍክ ስትሮቡ ሲበራ ሁለተኛው መጋረጃ መዝጋት ጀምሯል። ምስሉ ሴንሰሩ ላይ ተገልብጦ ስለሚያርፍ ከላይ የሚዘጋው መጋረጃ በፎቶው ግርጌ ይታያል፣ ካሜራውን በቁመት ስትይዘው ደግሞ በጎን። የካኖን ፍላሽ ሰክተህ ቢሆን ካሜራው ራሱ ይገድብህ ነበር፤ ተራ ትሪገር (ስትሮቡን ከርቀት የሚያስነሣው መሣሪያ) ካሜራውን ስለማያናግረው ዝም ብሎ ያሳልፍሃል። 1/160 ወይም 1/125 አድርገው። የስትሮቡ ብርሃን በዚህ አይለወጥም፤ ብልጭታው ከሹተሩ በጣም ያጠረ ነው።

አሁን ጃንጥላውን ከ2 ሜትር ወደ 1 ሜትር አምጣው። ርቀቱ በግማሽ ሲያጥር ብርሃኑ 4 እጥፍ ይሆናል፣ ማለትም 2 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃን በእጥፍ ሲጨምር ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው)። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ትብነት) ከ400 ወደ 100 አውርደው፤ ኃይሉንም አፐርቸሩንም (የሌንሱን ቀዳዳ) ሳትነካ ኤክስፖዠሩ፣ ማለትም የፎቶው ድምቀት፣ እዚያው ነው። የኮርኒሱ አምፖል ብርሃንም አብሮ ከፎቶው ይወጣል፣ የጥላው ጠርዝም ይለሰልሳል። ወዙን በተመለከተ፣ ግንባር ላይ የምታየው የጃንጥላው ነጸብራቅ ነው። ጃንጥላው ሲቀርብ ነጸብራቁ ይሰፋል እንጂ አይደምቅም፤ ቆዳው ግን ይደምቃል፣ ስለዚህ የሁለቱ ልዩነት ይጠባል። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። የቀረውን ወዝ በሶፍት ጫን ጫን አድርገህ አንሣው፤ ካሸኸው ሜካፑን ይዞት ይሄዳል።

ተነሺውን ከግድግዳው 1.5 ሜትር አርቀው። ጃንጥላው ለፊት 1 ሜትር፣ ለግድግዳው 2.5 ሜትር ከሆነ ግድግዳው ከ6 እጥፍ በላይ ያነሰ ብርሃን ያገኛል፤ አረንጓዴው ይጨልማል፣ ጥላውም ከፍሬም ይወጣል። አንተ ጀርባህን በር ላይ ትለጥፋለህ፤ 85ቱም እስከ ወገብ ብቻ ያስገባልሃል። ከጉልበት በላይ ሲያስፈልግ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቀይር።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳል፦ ሞዴሊንግ ላምፑን (ስትሮቡ ላይ ያለውን፣ ሳያቋርጥ የሚበራውን አምፖል) አብርተህ የጃንጥላውን ጨርቅ እይ። ብርሃኑ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ብቻ ከሠራ የ110ሩ ጃንጥላ ሥራው የ40 ነው፤ ዘንጉን አስረዝመህ ጨርቁን ከስትሮቡ አርቀው። ከጠርዙ አልፎ ከፈሰሰ አስገባው።

ጥቁር_መጋረጃ፦
በርቀቱ እስማማለሁ፤ ጉንጩ ላይ ያለው አረንጓዴ ግን በርቀት ብቻ አይጠፋም። አሳላፊ ጃንጥላ ከብርሃኑ ቀላል የማይባለውን ወደ ኋላ ይረጫል፤ ያ ብርሃን ኮርኒስና ግድግዳ መትቶ ቀለም ይዞ ይመለሳል። አንዱን ጉንጭ ብቻ ስለሚነካ ዋይት ባላንስ (የፎቶውን ቀለም በሙሉ የሚያስተካክለው ቅንብር) አያወጣውም። በጥላው በኩል፣ ከፍሬም ውጭ፣ ነጭ አቡጀዲ ገመድ ላይ ስቀል፤ ከጃንጥላው ጀርባ ደግሞ ጥቁር ጨርቅ። ጠቆር ያለ፣ ጠንከር ያለ ፖርትሬት ከፈለግህ በአቡጀዲው ፋንታም ጥቁር ስቀል።

ጀርባው ጥቁር የሆነ አንጸባራቂ ጃንጥላ ይህን ችግር ይቀንሳል፤ ነገር ግን ስትሮቡ ራሱ ከጨርቁና ከተነሺው መካከል ስለሚቆም የአሳላፊውን ያህል አይጠጋልህም። ውስጡ ብርማ የሆነውን አትግዛ። ወዙን ያባብሰዋል።

ቀሚሱ ላይ መደረግ ያለበት ብርሃን መከልከል ነው። ጃንጥላውን ከዓይን ከፍታ 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ መሃሉን ከፊት በላይ አነጣጥር፤ ፊት የሚያገኘው ከታችኛው ግማሽ ይሁን። ከታችኛው ጠርዝ በልብስ መቆንጠጫ ጥቁር ጨርቅ አንጠልጥል፤ ደረቱ ግማሽ ስቶፕ እንኳ ቢወርድ ሽመናው ይመለሳል። ጨርቁ ወደ ተነሺው በጣም ከቀረበ ግን አንገት ላይ የተቆረጠ ጥላ ይጥላል። ኮርኒሱ ስለማያፈናፍንህ ሰውየውን በርጩማ ላይ አስቀምጠው፤ በጅማ በርጩማ ጠፍቶ አያውቅም። ኤክስፖዠሩን በቀሚሱ ወስን፦ የካሜራው የመቃጠል ማስጠንቀቂያ ብልጭ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ ኃይሉን ቀንስ፣ በራው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሣ፣ ፊቱን በኋላ ስታርም አንድ ስቶፕ ከፍ አድርገው። የተቃጠለ ነጭ ተመልሶ አይመጣም።

የቆጪ_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ መነጽር ላይ ጃንጥላው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደግሞ መብራት ሲሄድስ? ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሄደን እናንሣ የሚሉም አሉ።

ሰባት_ስቶፕ፦
ለመነጽሩ ጃንጥላውን ከፍ፣ አገጭን ትንሽ ዝቅ፤ የመነጽሩን እጀታ ከጆሮ ላይ በጥቂት ሚሊ ሜትር ካነሣኸው መስታወቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። አሁንም ከታየ ጃንጥላውን ወደ ጎን አዙረው። ሞዴሊንግ ላምፑ በርቶ በሌንሱ ካላየኸው ፎቶው ላይም አይኖርም።

አምስት_ሊትር፦
የጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ ስለሚል በስታቢላይዘር በኩል አሳልፈው። ኢንቨርተር ከሆነ ንጹሕ ሳይን ዌቭ የሚሰጠውን። ኃይሉን በቀነስክ ቁጥር ቴስት የሚለውን አንዴ ተጫን፤ አንዳንዱ ስትሮብ የያዘውን ትርፍ ቻርጅ በራሱ ስለማያፈስ የመጀመሪያው ፎቶ በድሮው ኃይል ይወጣል።

ጅሬን የሚያስፈልግህ ባለ ባትሪ ስትሮብ ነው። ጠራራ ላይ በአይኤስኦ 100ና በ1/160 ፀሐይዋ ብቻዋን ኤፍ 13 አካባቢ ትሰጥሃለች፤ ተራ ስፒድላይት (ካሜራ ላይ የሚሰካው ትንሹ ፍላሽ) በጃንጥላ ውስጥ አልፎ ያንን አይችልም። ከእንጨቱ ሰገነት ጥላ ሥር አስገባቸው፣ እዚያ ይበቃል። ካፊያ ከጀመረ ዕቃውን ሰብስብ፤ ይህ ጃንጥላ የዝናብ አይደለም።

ነፋስ ከዝናቡ በፊት ይመጣል። 5 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 5 ኪሎ ነው፤ ስታንዱ ላይ አንጠልጥለው፣ ግን እንዳይወዛወዝ ግርጌው መሬት ይንካ። አሸዋ የሞላ የቡና ጆንያም ይሆናል። ከስታንዱ እግሮች አንዱን ጃንጥላው ባዘነበለበት አቅጣጫ አድርገው።